8 ሚሜ ፋይበር ፌሮ የ12 ሚሜ ብረት ምትክ ይሆናል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «አዳማ ላይ ጂ ፕላስ 2 መኖሪያ ቤት እያሠራሁ ነው። ግሬድ ቢሙ አልቋል፤ ኮለኑ፣ ቢሙና ሶሌታው ይቀራል። አንድ ሻጭ ‹ፋይበር ግላስ ፌሮ አይዝግም፣ ከብረት ሁለት እጥፍ ይጠነክራል፣ 8 ሚሜው የ12 ሚሜ ብረት ምትክ ነው› ብሎ የማወዳደሪያ ሠንጠረዥ ሰጠኝ። በዋጋም ይረክሳል። ፎርማኑም ተስማምቷል። በዚህ ብሠራው ምን ችግር አለው? የግቢዬን የመኪና ማቆሚያስ?»

ዋናውን መልስ ላስቀድም። ለኮለንና ለቢም አይሆንም። ለሶሌታም በዚያ ሠንጠረዥ አይሆንም። ለመኪና ማቆሚያው ይሆናል፤ ልኩ ግን ሻጩ እንዳለው አይደለም፣ እንዲያውም ተገላቢጦሹ ነው። 8 ሚሜ ብረት በየ25 ሴንቲ ሜትር በሚበቃበት ቦታ፣ 8 ሚሜ ፋይበር በየ12.5 ሴንቲ ሜትር ነው የሚገባው። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር፣ ስህተቱ የቱ ላይ እንደሆነ በቁጥር እናየዋለን።

መጀመሪያ ዕቃው ምንድን ነው? በመስታወት ክር የተጠናከረ ፖሊመር ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን የመስታወት ክሮች ፈሳሽ ሬዚን ውስጥ ተነክረው በጋለ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይጎተታሉ፤ ሬዚኑ እዚያው ይደርቃል። ከዚያ ኮንክሪቱ እንዲይዘው ላዩ ላይ አሸዋ ይነሰነስበታል ወይም ክር ይጠመጠምበታል። ሸክሙን የሚችለው ክሩ ነው። ሬዚኑ ክሮቹን አንድ ላይ ያስራል፣ ከሲሚንቶው አልካሊም ይጋርዳቸዋል። ሙጫ ጠጥቶ የደረቀ የቃጫ ገመድ ቢያስቡ ብዙም አይርቅም፦ በርዝመቱ ሲጎትቱት ብርቱ፣ በጎኑ ሲቆርጡት ወይም ሲያጥፉት ደካማ። ክብደቱ የብረት ሩብ ነው፤ አይዝግም፤ ማግኔት አይስበውም፤ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሻጩ እዚህ ድረስ አልዋሸም።

«8 ሚሜው 12 ሚሜውን ይተካል» የሚለው ሒሳብም ከአንድ እውነት ነው የሚነሳው። 12 ሚሜ ብረት የመቁረጫ ስፋቱ 113 ካሬ ሚሜ ነው። በ400 ሜጋፓስካል (በካሬ ሚሜ 400 ኒውተን) ሲለጠጥ 45 ኪሎ ኒውተን ያህል ይሸከማል። 8 ሚሜ ፋይበር ስፋቱ 50 ካሬ ሚሜ ነው፤ የመበጠሻ አቅሙ 900 ሜጋፓስካል ነው ብንል 45 ኪሎ ኒውተን ላይ ይበጠሳል። 45 ለ45፣ እኩል! ሠንጠረዡ በሙሉ የቆመው በዚህች እኩልታ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮች ተዘለዋል። ትልቁ ግትርነት ነው። ብረት ሲጎተት የሚሰጠው ተቃውሞ፣ መሐንዲሶች ኢላስቲክ ሞጁለስ የሚሉት፣ 200 ጊጋፓስካል ነው። የመስታወት ፋይበር ፌሮ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ነው። በእኩል ጉልበት ቢጎተቱ፣ ውፍረታቸው እኩል ሆኖ እንኳ ፋይበሩ አራት እጥፍ ገደማ ይረዝማል። ውፍረቱን ከ12 ወደ 8 ሲያወርዱት ይባስ፦ 113 ሲባዛ በ200 ወደ 22,600 ይመጣል፣ 50 ሲባዛ በ50 ደግሞ 2,500 ነው። ዘጠኝ እጥፍ የላላ ማለት ነው። ኮንክሪት ተሰንጥቆ ሥራውን ለፌሮው ሲያስረክብ፣ ስንጥቁን አጥብቦ፣ ሶሌታውንም እንዳይረግብ የሚይዘው ይህ ግትርነት እንጂ የመበጠሻ አቅሙ አይደለም። በፋይበር የሚሠራ መሐንዲስ ዘንጉን የሚመርጠው ከጥንካሬ ይልቅ ስንጥቅንና መርገብን እያየ ነው።

በአንድ ሶሌታ እንየው። 4 ሜትር ርዝመት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ በሁለት ጫፍ ብቻ የተደገፈ እንበል። የራሱ ክብደት 3.75፣ ሊሾና ንጣፉ 1.5፣ የሰውና የዕቃ ጭነት 2፤ በድምሩ 7.25 ኪሎ ኒውተን በካሬ ሜትር። መሐል ላይ የሚፈጠረው የመጉበጥ ጉልበት በአንድ ሜትር ወርድ 14.5 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። በብረት ሲሠራ 12 ሚሜ በየ20 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ በዕለት ተዕለት ጭነት ብረቱ 220 ሜጋፓስካል ገደማ ብቻ ይጨነቃል፣ ዝርጋታውም ከአንድ ሺህኛ ብዙም አይበልጥም። ስንጥቆቹ በየ15 ሴንቲ ሜትር ቢፈጠሩ፣ የእያንዳንዱ ስፋት 0.2 ሚሜ እንኳ አይሞላም።

አሁን ሻጩ እንዳለው 12ቱን አውጥተን 8 ሚሜ ፋይበር በዚያው በየ20 ሴንቲ ሜትር እናስገባ። በዚያው ጭነት ፋይበሩ ላይ የሚያርፈው ጭንቀት 470 ሜጋፓስካል ይሆናል፤ ዝርጋታው ወደ 1 በመቶ ይጠጋል። ስንጥቆቹ በዚያው ርቀት ቢፈጠሩ እያንዳንዳቸው 1.4 ሚሜ ገደማ ናቸው፣ ሳንቲም ጠርዙን የሚያስገባ ማለት ነው። የተሰነጠቀው ሶሌታ ግትርነትም በብረት ከተሠራው ሰባተኛ እጅ ገደማ ብቻ ነው። ቤቱ በዚያ ቀን አይወድቅ ይሆናል። ግን ሶሌታው ይረግባል፣ ከላዩ ያለው የብሎኬት ግድግዳ ይሰነጠቃል፣ ሴራሚኩ ይነሳል፣ በሩ አልዘጋ ይላል።

በሶሌታ ጉዳይ ሠንጠረዡን አምኖ ለሚከራከር ሰው አንድ መለኪያ ላቀብል። የአሜሪካው ኮንክሪት ኢንስቲትዩት (ኤሲአይ) በ440.1 መመሪያው፣ በሁለት ጫፍ ለተደገፈ ባለ አንድ አቅጣጫ ሶሌታ ለመነሻ የሚሰጠው ውፍረት በፋይበር የርዝመቱ 1/13 ነው፤ በብረት 1/20። ለ4 ሜትር ሶሌታ 31 ሴንቲ ሜትር ለ20 ማለት ነው። በዝርዝር ሒሳብ ከዚህ ማሳነስ ይቻላል። ሆኖም ፋይበር ማስገባት ኮንክሪቱን የሚያወፍር እንጂ የሚያቀጥን እንዳልሆነ ከዚህ ያዩታል። ተጨማሪው ኮንክሪት ደግሞ ክብደት ነው፤ ኮለኑንና ፉቲንጉን ይጫናል። ከፌሮ ዋጋ ላይ የተረፈው ገንዘብ በሲሚንቶ በኩል ተመልሶ ይወጣል።

ሁለተኛው የተዘለለ ነገር ጊዜ ነው። ብረት በ220 ሜጋፓስካል ለሃምሳ ዓመት ቢወጠር ምንም አይሆንም። የመስታወት ክር ግን ሁልጊዜ ሲወጠር ይደክማል፤ በአጭር ሙከራ 900 የቻለ ዘንግ፣ ከ900 በእጅጉ ባነሰ ቋሚ ጭንቀት ከዓመታት በኋላ በድንገት ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ ኤሲአይ 440.11 የተባለው የ2022 (እ.ኤ.አ.) ኮድ በመጀመሪያ የአምራቹን ዋስትና ያለው ጥንካሬ በ0.85 ይቀንሳል፣ ከዚያም ቋሚ ጭንቀቱ ከቀሪው 30 በመቶ እንዳያልፍ ይከለክላል። 900 በ0.85 ሲባዛ 765፣ የእሱ 30 በመቶ 230 ሜጋፓስካል ነው። ከላይ ባየነው ሶሌታ ላይ፣ የቋሚ ክብደቱና ከሰውና ከዕቃው ጭነት ሁልጊዜ አለ ተብሎ የሚታሰበው ድርሻ ብቻ ፋይበሩን 380 ገደማ ያስጨንቀዋል። ገደቡን በአንድ ተኩል እጥፍ አልፏል። የእኔ ዋና ስጋት ይህ ነው፣ ምክንያቱም ስንጥቅ ይታያል፣ ይህ ግን አይታይም።

ሦስተኛው፣ ፋይበር ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ብረት ከአቅሙ በላይ ሲጫን ይለጠጣል፤ ቢሙ ጎብጦ፣ ስንጥቁ ሰፍቶ ሰው የመውጫ ጊዜ ያገኛል። ፋይበር ግን እስከ መጨረሻው ቀጥ ብሎ ይሄድና ይበጠሳል። ስለዚህም ያው ኮድ፣ ፋይበሩ በመበጠስ በሚሸነፍበት ሁኔታ የተሰላውን አቅም በ0.55 ያባዛል፤ በብረት 0.9 ነው። በዚህ ሲሰላ የሻጩ 8 ሚሜ በየ20 ሴንቲ ሜትር የሚሰጠው 12.6 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው፤ የሚፈለገው፣ ኮዱ ለጥንቃቄ ከፍ አድርጎ በሚያሰላው ጭነት፣ 19። እንግዲህ «ሁለት እጥፍ ይጠነክራል» የተባለው ዕቃ በራሱ በጥንካሬው ሜዳም ወድቋል።

ወደ ኮለኑና ቢሙ። እዚህ ክርክሩ አጭር ነው። ኤሲአይ 440.11 የመሬት መንቀጥቀጥ ስጋቱ ዝቅተኛ ከሆነው የመጀመሪያ ምድብ በላይ ባሉ ቦታዎች ላይ፣ የመንቀጥቀጡን ጉልበት የሚቋቋም ፍሬም (ኮለንና ቢም አንድ ላይ) በመስታወት ፋይበር እንዲሠራ አይፈቅድም። በኮለን ውስጥ ቢገባም በግፊት በኩል እንደ ፌሮ አይቆጠርም፤ ኮንክሪት እንደሆነ ተደርጎ ነው የሚሰላው። አዳማ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት። በጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የነበሩት መንቀጥቀጦች፣ ትልቁ 5.7 የተለካው፣ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተዋል። ፍሬም በመንቀጥቀጥ ጊዜ ሰው የሚያድነው ብረቱ ወዲያና ወዲህ እየተለጠጠ ጉልበቱን ስለሚውጥ ነው። ፋይበር ይህን አይችልም፤ የማይለጠጥ ዕቃ ነውና። የእኛ ኮድ ኢኤስ ኢኤን 1992 የ2015 (እ.ኤ.አ.) እትሙም የተጻፈው ለብረት ነው። አውሮፓውያኑ ራሳቸው ለፋይበር ፌሮ አባሪ የጨመሩት በ2023ቱ (እ.ኤ.አ.) አዲስ እትም ነው። የግንባታ ፈቃድዎ የወጣበት ስትራክቸራል ዲዛይን በብረት የተሰላ ስለሆነ፣ ፎርማን ተስማማ አልተስማማ ለውጥ የለውም። መለወጥ የሚችለው ሒሳቡን እንደገና ሠርቶ የሚፈርም መሐንዲስ ብቻ ነው።

ስታፋ፣ ማለትም ዋና ዘንጎቹን ዙሪያቸውን የሚያቅፈው የታጠፈ ፌሮ፣ ሌላ ፈተና ነው። ፋይበር ፌሮ ከደረቀ በኋላ አይታጠፍም። ሬዚኑ እንደ ፕላስቲክ ባልዲ ቀልጦ እንደገና የሚረጋ ዓይነት አይደለም፤ በእሳት ካሞቁት ይቃጠላል፣ ክሮቹም በማጠፊያው በኩል ይሰባበራሉ። ፌራዮው በችቦ አሙቆ ያጠፈው ስታፋ ውጭውን ቢያዩት ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። የታጠፈ ቁራጭ ከፋብሪካ፣ ሬዚኑ ሳይደርቅ ታጥፎ ነው የሚመጣው። ያም ሆኖ ማጠፊያው ላይ ያለው ጥንካሬ ከቀጥተኛው 60 በመቶ ከሆነ ጥሩ ይባላል። በፋብሪካ የታጠፈ ስታፋ የማያቀርብ ሻጭ ስለ ቢም ማውራት የለበትም።

እሳትን በአንድ አንቀጽ ልለፈው። ሬዚኑ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ አለፍ ሲል ይለሰልሳል፤ ያኔ ፌሮው ከኮንክሪቱ ጋር ያለውን መያያዝ ያጣል። 2 ሴንቲ ሜትር ሽፋን ያለው ሶሌታ ሥር እሳት ቢነሳ፣ ፌሮው ጋ ያለው ሙቀት ከግማሽ ሰዓት በፊት ያንን በእጅጉ ያልፋል። ብረት 400 ዲግሪ ድረስ ጥንካሬውን ብዙም አያጣም። ሰው የሚተኛበት ፎቅ ሥር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ታዲያ ይህ ዕቃ ለምን ተፈለሰፈ? ብረት በሚበላበት ቦታ ወርቅ ስለሆነ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ጂዛን ላይ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ በመስታወት ፋይበር ፌሮ ተሠርቷል፤ ጨዋማ መሬት፣ የባሕር አየር፣ ኃይለኛ ሙቀት። ፍሎሪዳ ውስጥ ሆሞሳሳ ያለው የሆልስ ሪቨር ድልድይ በጨው ውኃ ላይ ስለሆነ በፋይበር ነው የታሰረው። ካናዳ በክረምት ጨው በሚረጭበት የድልድይ ወለል ላይ ለዓመታት ስትጠቀምበት ቆይታለች። ከዝገት ውጭም ቦታ አለው፦ ማግኔት ስለማይስበው የኤምአርአይ ክፍል ወለል ላይ፣ ከብረት በቀላሉ ስለሚቆረጥ ደግሞ የዋሻ መቆፈሪያ ማሽን በሚበሳው ግድግዳ ላይ። አፋር ጨዋማ ሜዳ ላይ ወይም ጅቡቲ ወደብ ዳር የሚሠራ መሠረት፣ ፍሳሽ ማጣሪያ፣ የመዋኛ ገንዳ፣ እዚያ ስለ ፋይበር ቢጠይቁኝ በደስታ ነው የማወራው።

የእርስዎ ቤት ግን ባሕር ዳር አይደለም፣ ጨውም አይነካውም። መኖሪያ ቤት ውስጥ ብረት ዝጎ ኮንክሪት ሲፈነቅል ቢታይ፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የብረት አይደለም። ፌሮው ካርቶን ወይም ጠጠር ላይ ተቀምጦ 5 ሚሜ ሽፋን ብቻ አግኝቷል፣ ወይም ኮንክሪቱ ቫይብሬተር ሳይነካው የንብ ቀፎ ሆኗል። ለሶሌታ 2.5 ሴንቲ ሜትር የኮንክሪት ስፔሰር፣ ውኃ ያልበዛበት ድብልቅ፣ ቢያንስ 7 ቀን ውኃ ማጠጣት። ይህ ዝገትን የሚከላከል ርካሹ መንገድ ነው።

አሁን ወደሚሆነው ወደ መኪና ማቆሚያው እንምጣ። መሬት ላይ የሚያርፍ ወለል ውስጥ ፌሮው ሸክም ተሸካሚ አይደለም፤ ሸክሙን ወደ መሬት የሚያወርደው ኮንክሪቱ ራሱ ነው። ፌሮው ኮንክሪቱ ሲደርቅና ሲሸማቀቅ የሚፈጠረውን ስንጥቅ ያጠብባል። ስለዚህ መርገብም፣ በቆይታ መበጠስም፣ እሳትም እዚህ አያሰጋም። ቦታው 6 በ8 ሜትር፣ የሚቆመው የቤት መኪና ነው ብለን እንሂድ።

መሠረቱ ከሁሉም ይበልጣል። ጥቁር አፈር ካለ ይነሳ፤ ገረጋንቲ በየ20 ሴንቲ ሜትር እየተረጨና እየተጠቀጠቀ ይሞላ፤ ላዩ ላይ 25 ሴንቲ ሜትር ሃርድ ኮር፣ ክፍተቱ በጠጠር ይደፈን፤ ከዚያ የፕላስቲክ ሸራ ይነጠፍ። ኮንክሪቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ የጥንካሬ ደረጃው ሲ-25፤ 4.8 ሜትር ኩብ ይሆናል፣ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ሲታሰብ 17 ኩንታል ከሩብ ገደማ። የውኃ ቦቴ ወይም የጭነት መኪና የሚገባበት ከሆነ ግን ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን።

የፋይበሩ መጠን እንዲህ ይሰላል። ለብረት የመሸማቀቅ ፌሮ የኮንክሪቱ ስፋት 0.0018 ይበቃል፤ ለ10 ሴንቲ ሜትር ወለል 180 ካሬ ሚሜ በሜትር፣ ማለትም 8 ሚሜ በየ25 ሴንቲ ሜትር። ለፋይበር ቁጥሩ በግትርነቱ ልዩነት ያድግና 440.1 ያስቀመጠው ጣሪያ 0.0036 ላይ ይቆማል፦ 360 ካሬ ሚሜ በሜትር። 8 ሚሜ በየ12.5 ሴንቲ ሜትር ሲደረደር 402 ይሰጣል፣ በሁለቱም አቅጣጫ። ለ15 ሴንቲ ሜትር ወለል 10 ሚሜ በየ14 ሴንቲ ሜትር ያድርጉት።

በ6 በ8 ሜትር ላይ ሲቆጠር 49 ዘንግ ባለ 8 ሜትርና 65 ዘንግ ባለ 6 ሜትር ይወጣል፤ 782 ሜትር። መደራረቢያና ብክነት ሲጨመር 850 ሜትር ይያዙ። በ8 ሚሜ ብረት 398 ሜትር፣ 157 ኪሎ ገደማ ነበር የሚፈጀው። ዋጋ ሲያወዳድሩ እንግዲህ የአንድ ሜትር 8 ሚሜ ብረትን ከሁለት ሜትር 8 ሚሜ ፋይበር ጋር ያወዳድሩ፣ ከ12 ሚሜ ብረት ጋር በፍጹም አይደለም። ይህ ከተደረገ በኋላም ረክሶ ከተገኘ፣ ይግዙ።

ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ቀላል ፍተሻዎች አሉ፣ ላብራቶሪን ባይተኩም ቆሻሻውን ዕቃ ይለያሉ። አንደኛው ውፍረት ነው። «8 ሚሜ» የሚባለው ዘንግ ብዙ ጊዜ የሚለካው ከላይ በተጠመጠመው ክር ላይ ነው፣ ሸክም የሚችለው ውስጡ ግን ከዚያ ይቀጥናል። ካሊፐር እዚህ ያታልላል፣ ውኃ አያታልልም። እያንዳንዳቸው ልክ 20 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አምስት ቁራጮች ቆርጠው መስመር ባለው ረጅም የላብራቶሪ ሲሊንደር ውኃ ውስጥ ያስገቡ። እውነተኛ 8 ሚሜ ከሆነ ውኃው 50 ሚሊ ሊትር ከፍ ይላል። 38 ብቻ ካነበበ የያዙት 7 ሚሜ ነው፤ ሩቡን ያህል አቅም በስም ብቻ ሸጠውልዎታል ማለት ነው። እነዚያው ቁራጮች ደርቀው ሲመዘኑ 100 ግራም አካባቢ መምጣት አለባቸው።

ሁለተኛው የመቁረጫው ፊት ነው። በጥሩ መጋዝ የተቆረጠውን ጫፍ በአሸዋ ወረቀት አለስልሰው 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ያዘጋጁና በአልኮል የቀጠነ ቀይ የማኅተም ቀለም ውስጥ ያቁሙት፤ ቀለሙ ሁለትና ሦስት ሚሜ ከፍ ቢል ይበቃል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ላይኛው ፊት ላይ ቀይ ነጠብጣብ ብቅ ብቅ ካለ፣ በዘንጉ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ባዶ ቀዳዳ አለ። ቀለሙ የወጣበት መንገድ ለሲሚንቶው አልካሊም መንገድ ነው፤ አልካሊ ደግሞ መስታወት ይበላል።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። ኤኤስቲኤም ዲ7957 (የአሜሪካ የፋይበር ፌሮ ጥራት መስፈርት) የሚለውን ቁጥር ይጠይቁ፤ የምርት ባቹ ቁጥር በዘንጉ ላይ ወይም በእሽጉ ላይ ከወረቀቱ ጋር መመሳሰል አለበት። ወረቀቱ ላይ የሚፈለጉት፦ የክሩ ድርሻ በክብደት ከ70 በመቶ የማያንስ፣ ሞጁለስ ከ44.8 ጊጋፓስካል የማያንስ፣ የመለስለሻ ሙቀት ከ100 ዲግሪ የማያንስ፣ ሬዚኑ ቪኒል ኤስተር ወይም ኢፖክሲ። «ፖሊስተር» ከተጻፈ ይተዉት፤ በአልካሊ ውስጥ አይቆይም። «የመበጠሻ ጥንካሬ» ብቻ ጽፎ ሞጁለሱን የዘለለ ወረቀት፣ ከላይ ያየነውን ሠንጠረዥ ከሠራው እጅ የወጣ ነው። ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር መሆኑ ደግሞ ቀለም ብቻ ነው፤ ስለ ጥራት ምንም አይናገርም።

8 ሚሜው በጥቅል ከሆነ የሚመጣው አንድ ነገር ልብ ይበሉ። 1.2 ሜትር ስፋት ባለው ጥቅል ውስጥ የታጠፈ 8 ሚሜ ዘንግ፣ በመጠምዘዙ ብቻ ውጭኛው ክሩ 330 ሜጋፓስካል ያህል ተወጥሯል፤ ቅድም ያየነው የቋሚ ጭንቀት ገደብ 230 ነበር። በመጋዘን ወራት የከረመ ጥቅል አይቀበሉ። ሲፈታም ማሰሪያውን በአንድ ጊዜ እንዳይቆርጡ፦ ሁለት ሰው ይያዘው፣ አንዱ እየለቀቀ ሌላው እየጎተተ፤ ካመለጠ እንደ አለንጋ ፊት ይመታል። ፀሐይ ላይ አይደር፣ በሸራ ይሸፈን፤ ብርሃኑ ሬዚኑን ያነጣዋል።

አቆራረጥ። የብረት መቁረጫ መቀስ አይነካው፣ ክሮቹን ጨፍልቆ ጫፉን እንደ መጥረጊያ ይበትነዋል። ግራይንደር በአልማዝ ዲስክ ወይም ጥርሱ ደቃቅ የብረት መጋዝ ይጠቀሙ። አቧራው የመስታወት ብናኝ ነው፤ ጭንብል፣ መነጽር፣ ወፍራም ጓንት፣ እጀ ረጅም ልብስ። ባዶ እጁን የያዘው ሠራተኛ ማታ ሲያሳክከው ያድራል።

አሰላለፍ ላይ የሚበላሸው አንድ ዋና ነገር አለ፦ ፋይበር ይንሳፈፋል። ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ነው፣ ፋይበር 2,000 ገደማ። ቫይብሬተሩ ሲነካው ዘንጉ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ በማግስቱ ወለሉ ላይ ክሩ ብቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ እንደ ብረት ስፔሰር ላይ ማስቀመጥ አይበቃም፣ ወደ ታች መታሰር አለበት። መሐሉ ላይ ሽቦ የተተከለበት የኮንክሪት ስፔሰር በየ70 ሴንቲ ሜትሩ ይደርደር፣ ዘንጉ በዚያ ሽቦ ይታሰር። ይህ የስፔሰር ርቀት ለብረት ከለመዱት ጠበቅ ያለ ነው፤ ፋይበር ሰው ሲረግጠው ወዲያው ይሰምጣል፣ ስለዚህ ሠራተኛው የሚሄድበት ጣውላ ይዘርጋለት። መጋጠሚያዎቹን በፕላስቲክ ማሰሪያ ወይም በፕላስቲክ በተሸፈነ ሽቦ አንድ እየዘለሉ ይሰሩ። ፌሮው ወለሉ ሥር አይደለም የሚቀመጠው፣ ከላይኛው ፊት ከ3.5 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው። ሲደራረብ 40 ሴንቲ ሜትር፣ መደራረቢያዎቹ በአንድ መስመር እንዳይገጥሙ።

ኮንክሪቱ በፈሰሰ ከ6 እስከ 18 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ወለሉን በየ3 ሜትሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቁረጡት፤ መሰንጠቁ ካልቀረ እዚያ ይሰንጠቅ። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት በነዚህ መስመሮች ላይ ከሁለት የፌሮ ዘንግ አንዱ ይቋረጥ፣ አለዚያ መስመሩ አይከፈትም፣ ስንጥቁም ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ ሰባት ቀን እርጥብ ጆንያ።

መጨረሻ ላይ ሁለት የማይታሰቡ ጉዳዮች። የኤሌክትሪክ ሠራተኛዎ የቤቱን ኧርዝ በወለሉ ፌሮ ላይ ለማሰር ካሰበ አስቀድመው ይንገሩት፦ ፋይበር አያስተላልፍም፣ ለብቻው የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ መተከል አለበት። ሁለተኛው፣ ብረት የሚፈልግ መሣሪያ ይህን ፌሮ አያገኘውም። ነገ የውኃ ቧንቧ ወይም የበር ሞተር ለመትከል ወለሉን የሚበሳ ሰው በጭፍን ነው የሚገባው። ኮንክሪቱ ከመፍሰሱ በፊት ሜትር ዘርግተው ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ ያንሱና ከቤቱ ካርታ ጋር ያስቀምጡት።